የቆራጣ ዳር «የተገኘ ቢች» አይደለም

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ሦስቱም «ያንተው አገር ነው፣ እየው» ነው ያሉኝ። ጽሑፉ ስለ አንዲት «ማንም ስለማያውቃት የጣና ቢች» ያወራል። ፎቶዎቹን ገና ከማየቴ አወቅኋት። ጣና ዳር ካለችው ከቆራጣ ሥር ያለችው ትንሿ ዳር ናት። እናቴ ውሃ የቀዳችባት፣ እኔ መዋኘት የተማርኩባት ቦታ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ቦታዋን እንደወደዷት ግን ያስታውቃል። ጠዋት ላይ ያነሷቸው ፎቶዎች በጣም ያምራሉ። ስለ ፕላስቲኩ ቆሻሻ የጻፉትም እውነት ነው፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው። የማልስማማው ታሪኩ ላይ ነው። ታሪኩ ከተሳሳተ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያቀረቡት ሐሳብም አብሮ ይሳሳታል።

ላላነበባችሁት የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ዳሯ እስከ ጣሊያን ዘመን ድረስ ሰው የማይደርስባት ባዶ ቦታ ነበረች፤ ወደብ ያደረጓት ጣሊያኖች ናቸው። ከላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው የዐፄ ሱስንዮስ ሚስት ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ እንግሊዞቹን የያዟቸው እዚሁ አሸዋ ላይ ነው። የአገሬው ሰው ውሃ ይፈራል፤ ታንኳ ሠሪዎቹ ነገደ ወይጦም ቱሪስት ፍለጋ በቅርቡ የመጡ ናቸው። አሸዋው እየጠፋ ያለው በእምቦጭ ነው። ስለዚህ ባለቤትም ታሪክም የሌላት ቦታ ስለሆነች፣ አንድ ባለሀብት አጥሮ፣ ደንገሉን አጽድቶ ሪዞርት ቢሠራባት ትድናለች። ጽሑፉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

«ባዶ» ከሚለው ልጀምር። ጣሊያን የገባው በ1936 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ጸሐፊው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንተላለፍ።) ከዚያ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1650 ገደማ፣ ዐፄ ፋሲለደስ የቆራጣን መሬት በመነኩሲቷ በወለተ ጴጥሮስ ስም ላለው ገዳም ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ቆራጣ መማጸኛ ሆነች። ንጉሥ የተቆጣው፣ ሹም ያሳደደው ሰው እዚያ ከገባ አይነካም። ቆራጣን ያያት ያውቃል፤ ሐይቁ እግሯ ሥር ነው። በውሃ የመጣ ተማጻኝ መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው እዚችው ዳር ላይ ነው። ስንት ሰው እዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ «እፎይ፣ ተረፍኩ» እንዳለ አስቡት። እኔ «ባዶ» የሚለውን ቃል ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በ1866 ቆራጣን ያየው እንግሊዛዊው ዶክተር ብላንክ በሀብትና በደረጃ ከጎንደር ቀጥላ የምትመጣ ከተማ መሆኗን ጽፏል። የካህናትና የነጋዴዎች ከተማ ናት ይላል። ከኮረብታው ወገብ እስከ ውሃው ድረስ የወረደች፣ ብዙ ቤቶቿ በድንጋይ የተሠሩ። ከቅድስናዋ የተነሳ ከንጉሡና ከጳጳሱ በቀር በጠባብ መንገዶቿ ላይ በቅሎ ወይም ፈረስ ተቀምጦ የሚያልፍ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም ወርዶ በእግሩ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ የነጋዴ ከተማ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ወደብ አልነበራትም ማለት እንዴት ይሆናል? መልክዓ ምድሩን ብቻ ማየት ይበቃል። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውሃ ያለብሱታል። ጭነት ያለው ሰው በየብስ ማለፍ ያቅተዋል። በዚያ ወራት ከዘጌ በኩል ቡናና ጌሾ ይዞ ወደ ማዶ መሻገር የፈለገ ሰው መንገዱ ውሃው ነው። ከዘጌ ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው በዚህ በኩል ያለችው ደግሞ ቆራጣ ናት።

ጣሊያኖች ሞተር ጀልባ አምጥተዋል፤ እሱን አልክድም። ግን ዋና መነሻና መድረሻቸው ባሕር ዳርና ጎርጎራ ነበር። ጎርጎራ የሄደ ሰው ከጉብታው ላይ የተከሉትን ሐውልት ያያል። ቆራጣ ላይ ወደብ ከፈቱ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። እንዲያውም መኪና ከመጣ በኋላ ነው ቆራጣ የተረሳችው። የባሕር ዳር ጎንደር መንገድ በሐሙሲትና በወረታ በኩል አለፈ። ቆራጣ ወደ ውስጥ ቀረች። በ1961 የዓባይ ድልድይ ሲሠራ ባሕር ዳር ነጋዴውን ሁሉ ጠቅልላ ወሰደች። ጸሐፊው ያዩት ጸጥታ ከጥንት የነበረ መስሏቸዋል። ገበያው ሲሄድ የተተወ ጸጥታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በጣም ያመመኝም እሱ ነው።

ከላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው በወለተ ጴጥሮስ ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ የሱስንዮስ ሚስት አይደለችም። ሚስትነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ነበር፤ የሱስንዮስ አማካሪ ለነበረው ባለሥልጣን። የተወለደችው በ1592 ነው። ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ሃይማኖት ተቀብሎ አገሩን በዚያ መንገድ ልውሰድ ሲል፣ ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ። እሷ ቤቷን ጥላ ወጣች፣ ፀጉሯን ተላጭታ መነኮሰች። ንጉሡ ፊት አቁመዋታል፤ አልተመለሰችም። ወደ ዠበይ ተግዛለች። ተመልሳ በጣና ዙሪያ ተከታዮቿን ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። ከነዚያ ማኅበሮች አንዱ ዘጌ ነበር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጓደኛዋና ረዳቷ እኅተ ክርስቶስ አብራት ነበረች። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ሲያውጁ ወለተ ጴጥሮስ በሕይወት ነበረች። ያረፈችው በ1642 ነው፤ የተቀበረችውም ሬማ ደሴት ላይ ነው። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 ጻፈው። ያን ጊዜ ከሚያውቋት ሰዎች አፍ የሰማውን ነው የጻፈው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቅድም የጠቀስኩት ብላንክ ራሱ ቤተ ክርስቲያኑን የሱስንዮስ ንግሥት አሠራችው ብሎ ጽፏል። ለጥቂት ወራት ያረፈ እንግዳ ነው፤ የሰማውን አምታቶ ይሆናል። ጸሐፊው ብላንክ ያየውን ትተው የተሳሳተውን ወሰዱ። የከተማዋን ሀብት ከጻፈበት ከዚያው ሰው ሀብቷን ትቶ ስሕተቱን መውሰድ ልክ አይደለም።

ይሄ ተራ የስም መሳሳት ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ግን ንጉሡን እምቢ ያለችውን ሴት የንጉሡ ሚስት ማለት ሕይወቷን በሙሉ ገልብጦ መጻፍ ነው። አያቴ የመነኮሰችው በእሷ ስም ባለው ገዳም ነው። እማሆይ ካልናት በኋላ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ የወለተ ጴጥሮስን ነገር ስትነግረን ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ስለ አንዲት የሞተች ቅድስት የምታወራ አይመስልም። ስለ አንዲት ጎበዝ አክስቷ የምታወራ ነው የሚመስለው። «ባሏ አገር ያስገብር ነበር፣ እሷን ግን አላስገበራትም» ትል ነበር። እማሆይ ዛሬ ብትኖርና ያን ጽሑፍ ቢያነቡላት ምን እንደምትል መገመት አልፈልግም።

የቴዎድሮስ ነገር አጭር ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞቹ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ዶክተር ብላንክና መቶ አለቃ ፕሪዶ በየካቲት 1866 ከቁንዝላ ተነስተው በታንኳ ጣናን ተሻግረው ቆራጣ ገቡ። የመጡት ንጉሡ ያሰሯቸውን የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎቹን እስረኞች ለማስፈታት ነው። ቆራጣ ያረፉት በእንግድነት ነበር፤ በንጉሡ ትእዛዝ ቀለብ እየተሰጣቸው። እስረኞቹም ከመቅደላ ተፈትተው በመጋቢት እዚያው መጡላቸው። ንጉሡ ማዶ ዘጌ ሰፍረው ነበር። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ሚያዝያ ውስጥ ሦስቱ መልእክተኞች ዘጌ ተጠርተው ሄዱ፤ የተያዙትም እዚያው ዘጌ ነው። ተፈትተው የነበሩት እስረኞች ደግሞ ከቆራጣ ወጥተው በየብስ መንገድ ላይ ሳሉ ነው የተያዙት። ስለዚህ የቆራጣ አሸዋ የተቀበለቻቸውና የሸኘቻቸው ቦታ እንጂ ያሰረቻቸው አይደለችም። መማጸኛ ለሆነ ቦታ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ቴዎድሮስን ለሚወድም ለሚወቅስም ቢሆን ትክክለኛው ቦታ ዘጌ ነው።

አሁን ወደ ውሃው።

«የአገሬው ሰው ውሃ ይፈራል» ይላሉ ጸሐፊው። ለዚህ ማስረጃቸው በቆዩበት ሁለት ቀን የሚዋኝ ሰው አለማየታቸው ነው። ቆራጣ ውስጥ «ዳር ወርዳለች» ካሏችሁ ውሃ ልትቀዳ፣ ልብስ ልታጥብ፣ ወይ ከማዶ የሚመጣ ሰው ልትቀበል ሄዳለች ማለት ነው። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ የሚወርደው ወደ ውሃው ነው። ልጆች የሚዋኙት ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ከትልልቅ ሰው ዓይን ሲርቁ ነው። እኛም እንደዚያ ነበርን። ጉማሬ እንፈራለን፤ እሱ እውነት ነው። ጉማሬን የማይፈራ ሰው ጣና ዳር አይሰነብትም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ አደገኛ ነገር ጽፈዋል። «ያለ ምንም ሥጋት ዋኙ» ብለዋል። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚኖረው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ፀጥ ያለውን፣ ሣር ያለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን የዳር ውሃ ነው። ልክ ቱሪስት እግሩን የሚነክርበትን ቦታ ማለት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ይዞኝ ነበር። በክኒን ይድናል፤ ግን ያላወቀ ሰው ለብዙ ጊዜ ሆዱን ሲታመም ይኖራል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከዋኛችሁ በኋላ ቆይታችሁ ተመርመሩ።

ታንኳውን በተመለከተ ጸሐፊው «ለቱሪስት የተሠራ ጌጥ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ዳሯ ወደብ የሆነችው በታንኳው ምክንያት ነው እላለሁ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እስር እስር ሆኖ ይጠፈራል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። አዲስ ሲሆን ቀላል ነው፤ አንድ ጎበዝ ትንሹን ለብቻው ይሸከመዋል። ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ላይ ከዋለ ማታ እንደ ረጠበ ጋቢ ይከብዳል። ስለዚህ ከውሃው ይጎተታል፣ ተደግፎ ይቆማል፣ እስኪንጠፈጠፍ ይጠበቃል። እንዲህ ተጠንቅቀውለትም ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ አዲስ መሥራት ነው።

አጎቴ አሣ አጥማጅ ነበር። ማታ ታንኳውን ስቦ ትልቁ ዋርካ ላይ አስደግፎ ሲያቆመው ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ጠብታው አሸዋው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራል። እኛ ልጆች በጉድጓዶቹ ዙሪያ ተኮልኩለን «ዛሬ ብዙ ጠጥቷል» እንባባል ነበር። ብዙ የጠጣ ታንኳ ሩቅ ሄዶ የመጣ ነው። ሩቅ ከሄደ ደግሞ ቀረሶ ይዞ ይሆናል። ቅርብ የዋለ ዕለት አምባዛ ነው፣ አምባዛ ደግሞ እናቴ አትወድም።

ለታንኳ ገደል አይሆነውም፤ ረግረግም አይሆነውም። ዘንበል ያለ፣ ጠጠርና አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ሲጎትቱት ሆዱን የማይቀድ ዳር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዳር በዚያ አካባቢ ብዙ የለም፤ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው ወይ ረግረግ ነው። ቆራጣ ሥር ያለችው ትንሽዬ አሸዋ ለዘመናት የተመረጠችው ስለምታምር አይደለም። ታንኳ ስለምታሳርፍ ነው። ጸሐፊው «አሸዋው ለምን እዚህ ጋ ብቻ ተረጋግጦ ጠፍጣፋ ሆነ?» ብለው ጠይቀዋል። መልሱ ይሄው ነው። ስንትና ስንት ዘመን ታንኳ ተጎትቶበታል።

ነገደ ወይጦን «በቅርቡ የመጡ» ማለት ደግሞ በሕዝብ ላይ የሚነገር ትልቅ ስሕተት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጣና ዳር በመጣ ጊዜ ጉማሬ አዳኞቹን ወይጦዎች ጠቅሷቸዋል። ከሐይቁ ቀደምት ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ታንኳ የማያውቅ የጣና ዳር ሰው የለም፤ የታንኳ ሊቅ ማን ነው ካላችሁ ግን እነሱ ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ በሰፋች ቁጥር ከውሃው ዳር እየተነሱ ወደ ኋላ የተገፉትም እነሱ ናቸው። ዛሬ ቅርጫትና ትንንሽ ታንኳ ለቱሪስት የሚሸጡት የዳሩ ኑሮ ስለጠበበባቸው ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ተገፍቶ በር ላይ ቆሞ ብታገኙት «አሁን የመጣ እንግዳ ነው» አትሉም።

እምቦጭን በተመለከተ ጸሐፊው አዝነው ነው የጻፉት፤ ሐዘናቸውን እጋራለሁ። እምቦጭ ጣናን እንዴት እንዳስጨነቀው አይተናል። ከ2011 ጀምሮ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ ያለው ገበሬ እጁ እስኪላጥ ነቅሎታል። ግን «እምቦጭ» ብለው ያስቀመጡት ፎቶ እምቦጭ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው ደንገልና ፊላ ነው። እምቦጭ ወፍራም ክብ ቅጠል አለው፣ የቅጠሉ አንገት እንደ ስፖንጅ ያበጠ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ደንገል ግን ሥሩ መሬት ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አናቱ ላይ እንደ ፀጉር ይበተናል። አንዱ ወራሪ ነው። ሌላው ባለቤት ነው። ቀረሶ የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበት ውሃ ውስጥ ነው። ደንገሉን «አጽዱ» ማለት የአሣውን ማኅፀን አጽዱ ማለት ነው። ታንኳውም ከምን ሊሠራ ነው?

ታዲያ አሸዋው ለምን ጠበበ? የመጀመሪያው መልስ፣ ጸሐፊው እንዳሰቡት ጨርሶ ጠቦ ላይሆን ይችላል የሚል ነው። ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይዘልም። እንደ ትሪ ነው። ትሪ ላይ ያለ ውሃ ትንሽ ሲጎድል ጠርዙ ብዙ ይሸሻል። ሐይቁ ክረምት ሲገባ መሙላት ይጀምራል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ጢም ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ የሄዱት ሚያዝያ ላይ ነው፤ «አሸዋው ስልሳ እርምጃ ነበር» ይላሉ። ሁለተኛ የሄዱት ጥቅምት ነው፤ «አሥር እርምጃ ቀረ» ብለው ደነገጡ። ጥቅምት ላይ ሁልጊዜም አሥር እርምጃ ነው። በልጅነቴም እንደዚያ ነበር። እኛ መስከረም ላይ «ባሕሩ አሸዋውን ለበሰው» እንላለን እንጂ ጠፋ አንልም።

ሁለተኛው መልስ ግን ከባድ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ የለም። ሐይቁ ከ1996 ወዲህ ተፈጥሮ እንደፈቀደለት ብቻ አይወጣም አይወርድም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፤ በ2001 ሰባት ሆነ። ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ ለማቆየት ነው። ከዚያ 2003 መጣ። ዝናቡ አነስተኛ ነበር፣ ለመብራት የሚለቀቀው ውሃ ግን ቀጠለ። ሐይቁ በጣም ወረደ። ትልልቆቹ ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ቆሙ። ያን ዓመት ቆራጣ ሄጄ ነበር። አጎቴ ታንኳውን ውሃ ለማስነካት ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ እየገባ ይሄድ ነበር። ውሃው የሸሸበትን መሬት ሰው ወዲያው አረሰው። እንዲህ ያለውን መሬት ባሕር ሸሽ ነው የምንለው። ውሃው ሲመለስ የተዘራው ተዋጠ፣ ዳሩ ላይ የነበረው ደንገል ደግሞ ታርሶ ስለነበር አልተመለሰም። ደንገል ያጣ ዳር ማዕበል ሲመታው የሚይዘው የለም። አፈሩም አሸዋውም ይሄዳል። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይጥለዋል።

መብራት አይኑር አልልም። ይህንንም የምጽፈው በዚያው መብራት ነው። የምለው፣ ዳሩ ለምን እንደተለወጠ ሲጻፍ የሐይቁ ከፍታ በበር የሚዘጋና የሚከፈት መሆኑ ይጻፍ ነው። እሱን ትቶ አረም ብቻ ማሳየት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

መድኃኒቱም ያው አጥር ሆኖ መጣ። «ባለቤት የሌላት» ብለዋል። ወረቀት ላይ የማን እንደሆነች አልከራከርም። የምናውቀውን ልንገራችሁ። ከዚያች ዳር ውሃ የሚቀዱ እናቶች አሉ። አሣ የሚያወርዱ አሉ። ከማዶ ለበዓል በጀልባ የሚመጡ መነኮሳት አሉ። አጥር ከተሠራ እነዚህ ሰዎች በየት ይወርዳሉ? ከጎንና ከጎኗ ያለው ድንጋይ ነው ብያለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ሆነን ውሃ እየነካን የምንሄድባቸው ስንት ቦታዎች ዛሬ ግንብ ሆነዋል። ከግንቡ ወዲያ ማኪያቶ እየጠጡ ሐይቁን ማየት ይቻላል፤ ገንዘብ ላለው። እንደዚያው ቆራጣ ላይ ይደገም ነው የሚባለው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩበት ነው። እንግዳ ይምጣ፤ ቆራጣ እንግዳ መቀበል ከድሮም ታውቃለች። ሽንት ቤት ይሠራ፣ ቆሻሻ መጣያ ይቀመጥ፣ አስጎብኚው የሰፈሩ ልጅ ይሁን። ይሄ ሁሉ ያለ አጥር ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የአንድ ጥቁር ድንጋይ ፎቶ አለ። ጠፍጣፋ ነው፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። ከሥሩ «የጣሊያን መርከብ ማሰሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። እንዶድ መውቀጫ ነው። ሴቶቹ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ እዚያ ላይ በድንጋይ ይወቅጡና አረፋውን በጋቢና በነጠላ ላይ ያፈሱታል። ጉድጓዱን የሠራው ያ ምታት ነው። እማሆይ ከመመንኮሷ በፊት ትወቅጥበት ነበር፤ እናቷም ትወቅጥበት ነበር። በስተግራ በኩል አንድ አነስ ያለ ጎድጓዳ አለ፤ ፎቶው ላይም በደንብ ይታያል። እሱ የልጆች ነው። እናቶቻችን ሲያጥቡ እኛም እንዳንረብሽ ጥቂት ፍሬ ይሰጡንና እዚያች ላይ እንወቅጥ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ውሃው ድንጋዩን ይውጠዋል። ጥር መጨረሻ ላይ አናቱ ብቅ ይላል። ዘንድሮ የካቲት ላይ ሄጄ ነበር። ትንሿ ጎድጓዳ ውስጥ አሸዋ ሞልቷል። በጣቴ ጠርጌ አወጣሁት፣ ከሥሩ ድንጋዩ አሁንም ልስልስ ነው።